ወደ ነቀምቴ፦ ዘፈን መጽሐፍ የሆነበትን መንገድ ፍለጋ

ቤታችሁ ውስጥ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች ልጅ ካለች ቢቲኤስ የሚባሉትን የደቡብ ኮሪያ ወጣት ዘፋኞች ሳታውቋቸው አትቀሩም። ፎቷቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ስልኳ በተከፈተ ቁጥር ድምፃቸው ይሰማል። ብዙ ወላጆች "ቋንቋውን ሳታውቅ ምኑን ትሰማለች?" እያሉ ይገረማሉ። እኔን ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ሰው አንድን ነገር ለምን እንደሚፈልገው ማሰብ ልማድ ሆኖብኛል። እነዚህ ልጆች ልብስና ሽቶ ብቻ አይደለም የሚያሸጡት፤ መጽሐፍ ያስነብባሉ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት "ዊንግስ" የተሰኘው አልበማቸው የተነሳው ከኸርማን ሄሰ "ዴሚያን" ልብ ወለድ ነው። "ስፕሪንግ ዴይ" በተሰኘው ዘፈናቸው ቪዲዮ ላይ የሚታየው "ኦሜላስ" የሚል ስም ደግሞ ከአሜሪካዊቷ ደራሲ ከኧርሱላ ለ ጉዊን አጭር ልብ ወለድ የመጣ ነው። "ማፕ ኦቭ ዘ ሶል" የተባለው አልበም ርዕሱን የወሰደው መሬይ ስታይን ከጻፉት የሥነ ልቦና መጽሐፍ ነው። አንደኛው ዘፋኝ በእጁ ይዞት የታየ መጽሐፍ በማግስቱ ከመደብር ይጠፋል። ዘፋኞቹ የወደዷቸውን የአገራቸውን ድርሰቶች ሰብስቦ በቤተ መጻሕፍት በአውደ ርዕይ የማሳየት ሐሳብም የመጣው ከዚሁ ነው። በሙያዬ እንደማውቀው "አንብቡ" ከሚል ትልቅ ማስታወቂያ ይልቅ የምንወደው ሰው "እኔ ይህን አነበብኩ" ማለቱ ይበልጣል።

የእህቴ ልጅ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስለ እንዲህ ዓይነቱ አውደ ርዕይ በስልኳ ስታነብ ቆይታ፣ "አክስቴ፣ የእኛስ የት ነው?" አለችኝ። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. ባወጣው "ኢትዮጵያ" አልበም ውስጥ "ማር እስከ ጧፍ" የሚል ዘፈን እንዳለ ነገርኳት። ዘፈኑ መነሻ ያደረገው የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮት ማንበብ የማይችለውም ሰው ጭምር ሰብለንና በዛብህን እንደ ጎረቤቱ ልጆች አውቋቸዋል። ልጅቷ ደስ አላት። ቀጥላ ግን፣ "እሱ በአማርኛ ነው፤ በአኮ ቋንቋስ?" ብላ ጠየቀችኝ።

አኮ የምትላት አያቴን ነው፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አኮ የምትኖረው ነቀምቴ ነው። እኔ አዲስ አበባ ስላደግሁ ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ ልናገር ስል ግን ምላሴ ይተሳሰራል። የእህቴ ልጅ ደግሞ ከሰላምታ ያለፈ አታውቅም። የኮሪያን ፊደል ከስልኳ ላይ በጥቂት ሳምንታት የለየች ልጅ ከቅድመ አያቷ ጋር በአስተርጓሚ ነው የምትነጋገረው። ለዚህ ጥያቄ ቁጭ ብሎ መልስ ከመስጠት ጓዝ ሸክፎ መሄድ ይሻላል ብለን ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ተነሳን። ይህን የምጽፍላችሁም እናንተም በልጆቻችሁ ጥያቄ ተነሥታችሁ ብትሄዱ ምን እንደምታገኙ ላሳያችሁ ነው።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ በሆለታ፣ በጊንጪና በአምቦ ያልፋል። አምቦ ላይ ለማዕድን ውኃ ብቻ አትቁሙ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ ግጥምና ዘፈን አንድ ቤት ውስጥ እንደሚያድሩ ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው በዚሁ አካባቢ ቦዳ በምትባል ስፍራ ነው፤ ድምፃዊው ሀጫሉ ሁንዴሳም የአምቦ ልጅ ነበር። ከዚያ ጉደርን፣ ጌዶን፣ ባኮንና ስሬን እያለፋችሁ ትሄዳላችሁ። ከባኮ በኋላ ማንጎና በቆሎ የሚሸጡ ልጆች መንገድ ዳር ተሰልፈው ታገኛላችሁ። ጠዋት በጊዜ የተነሣ ሰው ከሰዓት በኋላ ነቀምቴ ይገባል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ወለጋ ባለፉት ዓመታት ብዙ መከራ ያየ አገር ነው። ከመነሣታችሁ በፊት እዚያ ለሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ደውሉ፤ መንገዱ ሰላም ነው ከተባላችሁ ብቻ ውጡ፤ ጉዟችሁም በቀን ይሁን። እኛም ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰርዘን ነው በሦስተኛው የሄድነው።

ነቀምቴ ስትገቡ የመጀመሪያ ጉብኝታችሁ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ግቢ ይሁን። የለቃ ነቀምቴ ገዥዎች የሞረዳ በከሬና የልጃቸው የኩምሳ መኖሪያ ነበር። ኩምሳ ክርስትና ሲነሡ ገብረ እግዚአብሔር ተብለው ደጃዝማች ሆነዋል። ልጆች ግቢውን ሲያዩ ዙፋንና ሰይፍ ይፈልጋሉ። እናንተ ግን ለምን እንደመጣችሁ ንገሯቸው፤ ከስደት የተመለሱ ሁለት ሰዎች መጽሐፋቸውን ይዘው እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ሲገቡ የተቀበሏቸው እኚህ ደጃዝማች ነበሩ።

አንደኛው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር፤ ተርጓሚ ማለት ነው። በልጅነቱ ተነጥቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቆይቶ ምፅዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጣ። እዚያ ከስዊድን ሚስዮናውያን ዘንድ ተማረ፤ ስዊድን ድረስ ሄዶም ተምሮ ተመለሰ። ሁለተኛዋ አስቴር ጋኖ ናት። እሷም በልጅነቷ በባርነት ወድቃ፣ ባሕር ተሻግራ ልትሸጥ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ጣሊያኖች መርከቡን ይዘው ነፃ አወጧት። ያን ጊዜ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረች። የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ስትደርስ፣ "እንደኔ ናት በለኛ!" አለች።

አዎ፣ እንደሷ ናት። ታሪኩን ከልጅ ጋር መስማት የሚያስደስተውም ለዚህ ነው። ኦነሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ፈለገ፤ ነገር ግን ቋንቋውን ከሚናገሩት ሰዎች መካከል የተነጠቀው በልጅነቱ ነው። ቃል ይጎድለው ነበር። ከአስቴር ጋር ግን ቋንቋው፣ ዘፈኑና ተረቱ አብሮ ተሰዶ ነበር። ስለዚህ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በምትባለው ሠፈር ተቀምጣ ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑ ቃላትን ትሰበስብ ጀመር። ከዚያም የምታስታውሳቸውን ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና እንቆቅልሾች ጻፈች፤ 500 ያህል ሆኑ። ከእነዚህ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 በእምኩሉ በታተመው "ጀልቀበ በርሲሳ" በተባለው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ርዕሱ "የማስተማር መጀመሪያ" እንደ ማለት ነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሳንክት ክሪሾና በተባለ ቦታ ታተመ። ሽፋኑ ላይ የወጣው የኦነሲሞስ ስም ብቻ ነው።

እንግዲህ የልጅቷን ጥያቄ መልስ እዚህ ጋ አገኘነው፤ ነገሩ ግን ተገልብጦ ነው። በኮሪያ ዘፋኙ መጽሐፍ ያነብና አድማጩን ወደ መጽሐፉ ይመራል። በወለጋ ቀድሞ የነበረው ዘፈኑ ነው፤ መጽሐፉ የተሠራው እናቶች ሲፈጩና ልጅ ሲያባብሉ፣ እረኞችም ከብት ሲያግዱ ከሚያንጎራጉሩት ነው። ያን ያህል ዘፈን በቃሏ ይዛ አገር አቋርጣ፣ በሰው አገር ወረቀት ላይ ያሰፈረችው ደግሞ ከባርነት ያመለጠች ወጣት ሴት ናት።

ኦነሲሞስና አስቴር ወደ ነቀምቴ ሲመለሱ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1931 እዚያው አረፈ። አስቴር ስታስተምር ኖራ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐረፈች። አኮ ያን ጊዜ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ነበረች። "አውቃታለሁ ብዬ አልዋሽም፤ ስሟ ግን በቤታችን ይጠራ ነበር" አለችን።

ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ቀጥሎ የወለጋ ሙዚየምን ጎብኙ። ቅሉን፣ በርጩማውንና ስፌቱን እያሳያችሁ ልጆቹን "ይህን ሲሠሩ ምን ይዘፍኑ ነበር?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ዕቃው መስታወት ውስጥ አለ፤ አብሮት የነበረው ዘፈን ግን የለም። የእህቴ ልጅ ከሙዚየሙ ስትወጣ የያዘችው ጥያቄ ይኸው ነበር። የሚመልስላት ሰው ደግሞ አኮ ቤት ተቀምጧል።

አኮ ቤት ሲገባ ወሬ በባዶ ሆድ አይጀመርም። መጀመሪያ በቅቤ የራሰ ጩምቦ ቀረበልን። በማግስቱ አንጮቴ ተቀቅሎ መጣ፤ ከመሬት የሚቆፈር የወለጋ ሥራ ሥር ነው፤ ጾም ካልሆነ በቅቤና በአይብ ይበላል። ከዚያ ቡና ቀላ ተሠራ፤ ያልተፈለፈለ የቡና ፍሬ በቅቤ ተጠብሶ የሚታኘክ። ልጅቷ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች፤ ቆይታ ግን ሁለተኛ እፍኝ ጠየቀች።

ከቡናው በኋላ አኮ አሮጌ መጽሐፍ ቅዱሷን አወጣች። በኦሮምኛ የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ ግን የእኛው የግዕዝ ፊደል ነው። የእህቴ ልጅ ገለጥ አድርጋ፣ "እንዴ! ይሄን እኮ ማንበብ እችላለሁ!" ብላ ጮኸች። ማንበብ ጀመረች። እያንዳንዱን ፊደል ትጠራለች፤ የምትለው ግን አይገባትም። አጠገቧ የተቀመጠው የነቀምቴው የአጎቴ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ነው። እሱ በትምህርት ቤት ኦሮምኛ የሚማረው በቁቤ ማለትም በላቲን ፊደል ነው፤ ፊደላችንን ለማንበብ ቀስ ይላል፤ ስትነበብለት ግን ሁሉም ይገባዋል። እሷ ድምፁን ታወጣለች፤ እሱ ትርጉሙን ይነግራታል። አንድ ገጽ ለማንበብ ሁለት ልጅ አስፈለገ።

አኮ ደግሞ ታርማቸዋለች። ፊደሉ "በዳ" ይላል። ልጅቷ አላልታ አነበበችው። አኮ ሳቀች። ሲላላ መጥፎ ማለት ነው፤ ዳ ሲጠብቅ ደግሞ ደጋ ማለት ነው። ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት የለውም፤ አማርኛም ላይ "ገና" ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን ጊዜው የሚለየው በአንባቢው ነው። ልጅቷ "ዸ" የምትባለውን ፊደል ስታይ ደግሞ "ይቺ ምንድን ናት?" አለች። አማርኛ የሌለውን የኦሮምኛ ድምፅ ለመጻፍ በ"ደ" ላይ ተቀጥላ የተሠራች ናት። አኮ ድምፁን ደጋግማ አወጣችላት፤ ልጅቷም ምላሷን ወደ ላንቃዋ እያጠፈች ተከተለቻት። ኮሪያዎቹን ስትሰማ እንደምታደርገው ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከጉዞው ሁሉ ያልረሳሁት ይህን ነው። አስቴር የጻፈችውን የሚያነብ ሙሉ ሰው ዛሬ ብዙ ቤት ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል። አንዱ ፊደሉን ያውቃል፣ አንዱ ቋንቋውን ያውቃል፤ ሁለቱም ደግሞ ዜማውን የሚያውቀው ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ያ ሦስተኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሰማንያ ዓመት በላይ ነው።

በሁለተኛው ቀን ማታ ልጅቷ ደብተር ይዛ ቀረበች። አኮ "ህቦ!" አለች፤ በኦሮምኛ እንቆቅልህ ማለት ነው። የነቀምቴው ልጅ "ህባከ!" ብሎ መለሰ። ልጅቷም በሦስተኛው ላይ አብራው መመለስ ጀመረች። በሁለት ምሽት ሃያ ሦስት እንቆቅልሽና አሥራ አንድ ዘፈን ተጻፈ። እሷ በፊደል ስትጽፍ እሱ በቁቤ ይጽፋል፤ እኔ በስልክ እቀዳለሁ። የመውቂያ ዘፈን አለ፤ የልጅ ማባበያ አለ፤ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ጓደኞቿ የሚያለቅሱበትም አለ።

አሥራ ሁለተኛው ዘፈን ግን አልተጻፈም። አኮ ጀመረችው፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቆመች። እንደገና ከመጀመሪያው አነሣችው፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆመች። ተቀባብለው የሚዘፍኑት ዘፈን ነበር። የአኮ ድርሻ አውጪው ነው፤ ተቀባዩን የምትለው እህቷ ነበረች፤ እህቷ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። "የሷን እኔ ይዤው አላውቅም" አለች አኮ። ልጅቷ በደብተሯ ላይ የአኮን ስንኞች ጽፋ በመሃላቸው ባዶ መስመር ተወችላቸው። ማንም ምንም አላለም። ከዚያ የነቀምቴው ልጅ "ጊምቢ ያሉት አክስት ያውቁት ይሆናል" አለ።

በማግስቱ ወደ ጊምቢ ሄድን። ከነቀምቴ በስተምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የወለጋ ቡና ገበያ ሲባል ስሟ ቀድሞ የሚነሣ ከተማ ናት። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርድና ዴዴሳን ተሻግሮ እንደገና ይወጣል፤ ወንዙ ዳር ሙቀት ነው፤ ውኃ ያዙ። በዚህ በምዕራብ ወለጋ በኩል ጩታ የምትባል ስፍራ አለች። ገጣሚው ሰሎሞን ዴሬሳ የተወለደው እዚያ ነው። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ አደገ፤ በ1963 ዓ.ም. "ልጅነት" የተሰኘውን የግጥም መድበሉን በአማርኛ አሳተመ፤ የአማርኛን ግጥም አጻጻፍ ካደሱት አንዱ ተብሎ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ለልጅቷ ስነግራት፣ "ከአኮ አገር ወጥቶ በእኔ ቋንቋ ጻፈ ማለት ነው?" አለች። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ሰው ውስጥ አብረው መኖር እንደሚችሉ ከኔ ምክር ይልቅ ይህ ሰው አሳመናት።

ጊምቢ ያሉት አክስት ዘፈኑን ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን ሌላ ተቀባይ ነው፤ ዜማው አንድ ሆኖ ቃሉ ይለያል። ልጅቷ በባዶው መስመር ላይ አልጻፈችውም። ከሥሩ አዲስ ገጽ ከፍታ "የጊምቢ" ብላ ጻፈችው። ትክክል ይመስለኛል። የአኮ እህት ድርሻ ባዶውን ቀርቷል።

ጊዜ ያላችሁ ከጊምቢ አልፋችሁ ወደ አይራ መሄድ ትችላላችሁ፤ በኦነሲሞስ ነሲብ ስም የተሰየመው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት እዚያ ይገኛል። እኛ የዕረፍት ቀናችን ስላለቀ ከጊምቢ ተመለስን።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። የሚዲያና የሙዚቃ ሰዎች ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ የምትወዱትን መጽሐፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ታዩ፤ ወጪ የለውም፤ ሥራውን ፎቶው ይሠራዋል። የትምህርት ቤትና የከተማ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች አንድ መደርደሪያ ብቻ ለዩ። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን አስቀምጡና ከጎኑ "ማር እስከ ጧፍ" የሚለውን የዘፈን ርዕስ በካርድ ጻፉ። የአስቴርንና የኦነሲሞስን ታሪክ በአንድ ገጽ በአማርኛም በኦሮምኛም አዘጋጁ። "ልጅነት"ን ጨምሩ። ልጆቹ ራሳቸው ዘፈን አምጥተው የሚጽፉበት ባዶ ደብተር ከእርሳስ ጋር አኑሩ። አውደ ርዕይ ለመባል ይህ ይበቃል።

ወላጆች ደግሞ ወደ ነቀምቴም ሆነ ወደ ጎንደር፣ ወደ ሶዶም ሆነ ወደ አሰላ ስትሄዱ፣ ለአያት ከሚወሰደው ስኳርና ሻሽ ጋር ደብተር ያዙ። ስልክ መቅዳት ይችላል፤ ነገር ግን ልጅ በእጇ ስትጽፍ ነው "ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?" ብላ የምትጠይቀው። በቋንቋችሁ ያለው ድምፅ በፊደላችሁ ካልተጻፈ አትጨነቁ፤ ጻፉትና ከጎኑ ምልክት አድርጉ። የዘፈኑን ስም፣ ማን እንደነገራችሁ፣ የትና መቼ እንደተዘፈነ ከላይ አስፍሩ። ዘፈኑ ተቀባይ ካለው ደግሞ ተቀባዩን የምታውቀውን ሴት ዛሬውኑ ፈልጉ፤ ጎረቤት ካለች ጎረቤት፣ ሌላ ከተማ ካለች በስልክ። ሁለቱ አንድ ላይ ተቀምጠው እንዲዘፍኑት አድርጉ። እኛ አራት ዓመት ዘግይተናል።